«ከኮካ ጋር ላምጣው?»

አዋሽ አርባ፣ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር ያለች ምግብ ቤት ገብቼ ሪፍት ቫሊ ካበርኔ ሶቪኞን አዘዝኩ። አስተናጋጇ ፊቴን አየት አድርጋ «ከኮካ ጋር ላምጣው?» አለችኝ።

አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ወይን እናውቃለን የሚሉ ጓደኞቼ ይስቁባት ነበር። እኔ ግን ጥያቄዋ ልክ ይመስለኛል። ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» ይጠጣል የሚባለው ሕግ የወጣው ለቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች ነው፤ 16 ወይም 18 ዲግሪ ማለታቸው ነው። አዋሽ ላይ የክፍል ሙቀት ሌላ ነገር ነው። ሞቆ ሲቀርብ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ ፍሬው ይጠፋል፣ የሚቀረው ድድ የሚያደርቀው ነገር ብቻ ነው። ታዲያ ኮካ ቢጨመርበት ማን ይፈረድበታል? ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጪልኝ አልኳት።

ሲቀዘቅዝ ወይኑ ንጹሕ ነው። ጠቆር ያለ እንጆሪ የሚመስል ጣዕም አለው፣ ምሬቱ ልክ ነው፤ መሀል ላይ ግን ይሳሳል፣ ከዋጡት በኋላ ቶሎ ይረሳል። ከጣፋጩ አኬሺያ እመርጠዋለሁ። ከጥሩ የቦርዶ ቤተሰብ ወይን ጋር ግን እኩል አላስቀምጠውም።

«ቤተሰብ» ካልን አይቀር፣ ይሄም የቤተሰብ ወይን ነው። ካስቴልን በ1949 እ.ኤ.አ. ቦርዶ ላይ የመሠረቱት ፒየር ካስቴልና ወንድም እህቶቹ ናቸው። በ1998 ጊዮርጊስ ቢራን ገዙ፤ ከዚያ ዝዋይ ላይ ወይን ተከሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ገበያ ወጡ። የጉማሬና የጅብ መከላከያ ቦይ የተቆፈረለት የወይን እርሻ ነው፤ ቦርዶ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ራስ ምታት ያለበት ገበሬ ያለ አይመስለኝም።

ቅሬታዬ ስሙ ላይ ነው። ፈረንሳዮች ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቦታ ስም በሕግ ያስጠብቃሉ፤ ፖያክ የሚል ጠርሙስ ውስጥ ከሌላ መንደር የመጣ ወይን መክተት ወንጀል ነው። ዝዋይ ላይ የበቀለው ወይን ግን በትልቁ የተጻፈበት «ሪፍት ቫሊ» ነው። ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከአፋር እስከ ሞዛምቢክ ይሄዳል! እኔ የተቀመጥኩባት አዋሽ አርባም ስምጥ ሸለቆ ናት፤ በመስኮት የሚታየኝ ግን ፕሮሶፒስ፣ ግመልና አቧራ ነው። ወይን የለም።

የአገር ውስጡ ተፎካካሪም ከዚህ አይሻልም። አዋሽ ወይን ጠጅ የወንዙን ስም ይዟል፤ ዋናው እርሻው መርቲ፣ የአዋሽ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ስለሆነ ይሄ ያስኬዳል። ግን በጣም የታወቀው ጠርሙሱ ጉደር ይባላል። ጉደር ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው፤ ውኃው ሜዲትራኒያን ድረስ ይዘልቃል። አዋሽ ባሕር አያይም፤ እዚሁ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በአንድ ጠርሙስ ላይ የማይገናኙ ሁለት ወንዞች ማለት ነው። ጠጪው ግድ የለውም፣ አውቃለሁ።

እኔ ግን ግድ የሚሰጠኝ በቡና ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ተፋጠጠች፤ በ2007 ተስማሙ። ያኔ የተከራከርነው የቦታ ስም ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡም ለቦታው ሰው ይድረስ ብለን ነበር። ወይን ላይ ሲሆን ያንን ክርክር የት ጣልነው? «ዝዋይ» የሚል ጠርሙስ ጥሩ ዓመትም መጥፎ ዓመትም ይኖረዋል፤ ሲከፋ የሚወቀስ፣ ሲያምር የሚመሰገን መሬት ይኖረዋል። «ሪፍት ቫሊ»ን ምን ብዬ ልውቀሰው?

አጠገቤ ያለው ሹፌር ጉደሩን በኮካ ቀላቅሎ ጨርሶ ሁለተኛ አዘዘ። የኔ ግማሹ ቀርቷል፤ እንደገና መሞቅ ጀምሯል። «በረዶ ላምጣ?» አለች አስተናጋጇ። አምጪ አልኳት።