የሸክላው ድምፅና የመድረኩ ድምፅ

ከነጋሪቱ አጠገብ የቆመ ሰው የሚሰማውና ከጋራው ማዶ ያለው የሚሰማው ድምፅ አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም ነጋሪቱን ሰማን ይላሉ። ብዙ የኤሌክትሪክ ጊታር ደርዳሪዎች ይህን በመዘንጋታቸው፥ በሸክላ የሰሙትን ድምፅ በመድረክ ላይ ለማግኘት ሲሉ ማጉያ በማጉያ ላይ እየገዙ ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ይጨርሳሉ።

ለዚህ ነገር መልካም ምስክር የሚሆነው «ላይላ» የተባለውን ዘፈን የያዘው ሸክላ ነው። ይህን ሸክላ እንግሊዛዊው ኤሪክ ክላፕተንና አሜሪካዊው ዱዌን ኦልማን ከጓደኞቻቸው ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በማያሚ ከተማ ቀረጹት። ክላፕተን ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ክሪም ከተባለው ጓድ ጋር በመድረክ ሲጫወት፥ ከኋላው የሚቆሙት የማርሻል ማጉያዎች እያንዳንዳቸው 100 ዋት ኃይል ነበራቸው፤ ከነስፒከሮቻቸው ሲደራረቡም ቁመታቸው ከሰው ቁመት የሚተካከል ነበር። ስለዚህ ሸክላውን የሚሰማ ሰው በማያሚም እንደዚሁ ያለ ተራራ የቆመ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በዚያ ቀረጻ የተጠቀሙበት ፌንደር ቻምፕ የሚባለው ማጉያ ኃይሉ 5 ዋት ያህል የሆነ፥ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት የሚሄድ ትንሽ ሣጥን ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ትንሹ ማጉያ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ድምፁ ይሻክራል፥ ይረዝማልም፤ ማይክሮፎን በቅርብ ሲደቀንበት ግን የሣጥኑ ትንሽነት ከሰሚው ይሰወራል። በቀረጻ ልማድ ደግሞ ድምፅ አስተካካዩ ለባስ ጊታርና ለከበሮ ስፍራ እንዲገኝ ከጊታሩ ወፍራም ድምፅ ይቀንሳል። እንግዲህ በሸክላ የሚሰማው ድምፅ የብዙ እጅ ሥራ ነው እንጂ ከማጉያው ብቻ የወጣ አይደለም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1933 ዓ.ም. እንዳስረዱት፥ ድምፅ ዝቅ ባለ ጊዜ የሰው ጆሮ ወፍራሙንና እጅግ ቀጭኑን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ በቤቱ ዝቅ አድርጎ ሸክላውን ለመምሰል የሚደክም ወጣት ሁለቱን ዳርቻዎች ከልክ በላይ ይጨምራል። ያንኑ ይዞ ወደ አዳራሽ ሲገባ ወፍራሙ ያጉረመርማል፥ ቀጭኑ ጆሮ ይወጋል፤ ዜማውን የሚሸከመው መካከለኛው ድምፅ ግን በከበሮው ውስጥ ይሰጥማል። ስፒከሩ ከጉልበቱ በታች የሚጮህበት ደርዳሪ ይህን አያውቅም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሕዝብ ግን ሊሰማ የመጣውን ዜማ አጥቶ ይመለሳል።

አንዳንዶች፥ ዛሬ ማይክሮፎኑንና የስፒከሩን ሣጥን ጭምር የሚመስል መሣሪያ ተሠርቷልና ችግሩ አብቅቷል ይላሉ። መሣሪያው በእርግጥ ብዙ ይረዳል፤ ሆኖም የአዳራሹን ግድግዳ ሊለውጥ፥ የባልንጀሮቹንም ጨዋታ ሊሰማለት አይችልም።

ይህም ሸክላን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሸክላ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና። ከእርሱ ሊቀዳ የሚገባው ግን ጣት በክሩ ላይ የሚያርፍበት ኃይል፥ ድምፁ የሚረዝምበት ልክ፥ ዝምታም የሚገባበት ስፍራ ነው። ይህ ሁሉ በገንዘብ አይገዛም። ማጉያውን የሚያስተካክል ደርዳሪ ደግሞ ጊታሩን ለጓደኛው ሰጥቶ፥ ከአዳራሹ መካከል ተቀምጦ ሕዝቡ በሚሰማበት ጆሮ ቢሰማ ከብዙ ወጪ ይድናል።