መዶሻው በስንኙ ውስጥ ለምን አይሰማም?

የወዝአደር ባለቅኔ ሲባል አንባቢ አስቀድሞ የሚጠብቀው የፋብሪካን ድምፅ ነው። በእንግሊዝ አገር «መዶሻ መቺው ባለቅኔ» ተብሎ የታወቀው አልፍሬድ ዊልያምስ ግን ይህን ግምት ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1877 በሳውዝ ማርስተን መንደር ተወለደ፤ አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ስለሄደ በእናቱ ድካም አደገ። በልጅነቱ በእርሻ ቅጥረኛነት ከሠራ በኋላ፣ ከ1892 እስከ 1914 በስዊንደን ከተማ በምድር ባቡር ፋብሪካ ውስጥ ብረት ቀጠቀጠ። ከእንፋሎት መዶሻው ሲለይ ላቲንና ግሪክ ያጠና ነበር፤ የግሪክን ፊደላት በምድጃው ብረት ላይ ጽፎ ይሸመድድ እንደነበር ይነገራል።

በ1909 የታተመው የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ ግን በአመዛኙ የመስክና የገጠር መጽሐፍ ነው። ይህን ሽሽት ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ቀኑን ሙሉ በጭስ የታፈነ ሰው ስለ ሜዳ ሲዘምር፣ ሜዳው የተነፈገው አየር እንጂ ጌጥ አይደለም። ጉድለቱ ከርእሱ ሳይሆን ከቃላቱ ነው። ስንኙ ከመጻሕፍት የተዋሰውን ካባ ደርቦ ይቀርባልና የራሱ የዊልያምስ ድምፅ ከሥሩ ይታፈናል። ብዙ አድናቂዎቹም (ይህ የሠራተኛ ደራስያን ሁሉ ፈተና ነው) ከግጥሙ ይልቅ የተወቀረ እጁን አደነቁ።

ፋብሪካው አንደበት ያገኘው በዝርው ጽሑፍ ነው። «የምድር ባቡር ፋብሪካ ሕይወት» የተሰኘውን መጽሐፍ ያሳተመው ጤናው ታውኮ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ፣ በ1915 ነው። የምድጃው ግለት፣ የሌሊት ፈረቃው፣ የአለቆች ግልምጫ፣ የሠራተኞቹ የቅጽል ስም፣ የሥራ ላይ አደጋው ሁሉ እዚህ በስማቸው ተጠርተዋል። ካባው ወልቋል፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭርና የጋለ ነው። ዊልያምስ ራሱን በግጥሙ ቢመዝንም፣ እንደ ደራሲ የሚበልጠው በዚህ መጽሐፍ ነው።

የዚህን ሰው ድርሰት መመርመር ደግሞ ሚስቱን ሜሪን ሳያነሡ አይሆንም። በ1903 ተጋቡ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባልና ሚስት ከፈረሰ የቦይ ግንብ ጡብ ገዝተው፣ ተሸክመው፣ ጠርበውና አጽድተው ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ስሙንም በወታደርነት በቆየባት የሕንድ ከተማ «ራኒኬት» አሉት። በዚያ ቤት በድህነት ተቀምጦ ሳንስክሪት ተማረ፤ የመጽሐፉ ጊዜ የተገኘው ከሁለቱም ጉልበት ነበር። በሚያዝያ 1930 ዊልያምስ ሲሞት ሜሪ በጽኑ ታማ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተከተለችው። ከፓንቻታንትራ የተረጎማቸው የሕንድ ተረቶችም የታተሙት በዚያው ዓመት ነው።