ደም ሲቀጥን ላክቴት የማይነግረን ነገር

ስለ ደም መቅጠን በተወራ ቁጥር የሚጠቀስ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሪቻርድ ዋይስኮፍና ባልደረቦቹ ከ32 ጤናማ ሰዎች ደም እየቀዱ በምትኩ አልቡሚንና የራሳቸውን ፕላዝማ ሰጧቸው። የፈሳሹ መጠን ሳይጎድል ሄሞግሎቢናቸው በዴሲ ሊትር ከ13 ግራም ወደ 5 ወረደ። ውጤቱስ? ሰውነታቸው የሚጠቀመው ኦክስጅን አልቀነሰም፤ የእጥረት ምልክት የሆነው ላክቴትም አልጨመረም።

«ታዲያ ግማሽ ደም ይበቃናል ማለት ነዋ!» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ጥናቱ ጥሩ ነው፤ የተጣመመው አነባበቡ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። 1 ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ሄሞግሎቢን 15 ሲሆን 1 ሊትር ደም 200 ሚሊ ሊትር ይሸከማል፤ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ስትረጭ 1,000 ይሆናል። ያረፈ ሰው የሚጠቀመው ግን 250 ገደማ ነው። ሩቡን ብቻ እኮ ነው! ሄሞግሎቢን 5 ሲደርስ ያው 5 ሊትር የሚያደርሰው 335 ነው፤ ትርፉ አለቀ። ደግነቱ ቀጭን ደም በቀላሉ ይፈሳል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ልብም ትፈጥናለች። ጥቂት ሰው የሚጭን ሚኒባስ ምልልስ ሲያበዛ አስቡት። ልብ 8 ሊትር ብትረጭ 536 ይደርሳል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ነው። ምልልሱን የምታበዛው ልብ ናት፤ እሷም ነዳጅ ትፈልጋለች። የልብ ጡንቻ በእረፍት ጊዜም ከሚደርሰው ኦክስጅን 70 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ተጨማሪ የሚያገኘው በራሱ ደም ሥሮች ብዙ ደም ከፈሰሰ ነው። የተጠኑት ሰዎች ልባቸው ጤነኛ ነው፤ ያውም አርፈው። የልብ ደም ሥራቸው ለጠበበ አዛውንት፣ ወይም ደረጃ ለሚወጣ ደም ማነስ ላለበት ሰው ይኼ ውጤት ብዙም አይነግረንም።

ደግሞም የመላ ሰውነት ድምር አንዱን ብልት ይደብቃል። ላክቴት ዝም ቢል አእምሮ ዝም አላለም። ይኸው ቡድን በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ሄሞግሎቢን 7 ላይ ለውጥ አልታየም፤ 6 ላይ የፈቃደኞቹ ምላሽ ዘገየ፤ 5 ላይ የማስታወስ ችሎታቸው የባሰ ደከመ። ደማቸው ሲመለስላቸው ተሻላቸው። የ1998ቱን ብቻ አንብቦ የተወ ሰው ይኼን አያገኘውም።

በ1999 ደግሞ የካናዳ ሐኪሞች በጽኑ የታመሙ 838 ሰዎችን ተከታትለው፣ ደም ለመስጠት ሄሞግሎቢን ከ7 በታች እስኪወርድ መጠበቅ ለብዙዎቹ እንደማይጎዳ አሳዩ። የልብ ጡንቻቸው ደም በድንገት ያጠረበትን ሕመምተኞች ግን ራሳቸው ከዚህ ምክር ለይተው አወጡ።