የሜሮዌ የውሃ ገንዳና የለሳኞቹ እጅ

ከካርቱም ተነስቶ ዓባይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ፣ ሸንዲንም ያለፈ ሰው ሜሮዌ ይደርሳል። አብዛኛው ጎብኚ ፒራሚዶቹን አይቶ ይመለሳል። የነገሥታቱ ከተማ ግን ወደ ወንዙ ቀረብ ብላ ነው ያለችው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ጃንደረባዋን የምናውቅላት ሕንደኬ የዚህች አገር ንግሥት ነበረች። በከተማዋ ፍርስራሽ መካከል፣ ጣሪያ የተሠራለት አንድ የውሃ ገንዳ አለ። ከሱዳን ጥንታዊ ሥራዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ገንዳውን እ.ኤ.አ. በ1912 ቆፍሮ ያወጣው የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው ጆን ጋርስታንግ ነበር። እንዳየው ሮም ትዝ አለችው። ቢያስባት አይፈረድበትም። ሮማዊ በትንሽ ሳንቲም የሕዝብ መታጠቢያ ይገባል፤ ለብ ካለው ክፍል ወደ ሙቁ፣ ከሙቁም ወደ ቀዝቃዛው ይዘዋወራል። ወለሉ በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ ስለቆመ ከሥሩ የእሳቱ ትኩሳት ይመላለሳል። ባለጸጋ ከሆነ ደግሞ በቤቱ አዳራሽ መካከል፣ ጣሪያው ክፍት በሆነበት ቦታ፣ የዝናብ ውሃ የሚቀበል ገንዳ አለው። ጋርስታንግም ያገኘውን “የንጉሥ መታጠቢያ” ብሎ ሰየመው።

ከዓመታት በኋላ የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ባለሙያዎች ቦታውን እንደገና ሲመረምሩት የማሞቂያ ምልክት አጡበት። የእነርሱ ግምት፣ ገንዳው ከዓባይ ሙላትና ሙላቱ ከሚያመጣው በረከት ጋር የተያያዘ የውሃ መቅደስ ነበር የሚል ነው። እኔም ወደዚሁ አደላለሁ። የሜሮዌ ባለሙያዎች የባሕር ማዶውን መልክ ወደዱት፤ ወደው ሲያበቁ ግን ለራሳቸው ወንዝ አዋሉት።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ገንዳው በየጎኑ 7 ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ከቁመተ ረጅም ሰው ይበልጣል። ግድግዳው በጡብ ተገንብቶ በኖራ ተለስኗል። ውሃው የሚገባው በደቡብ በኩል ስለሆነ ጌጡም የበዛው እዚያ ነው። የአንበሳ ራሶች ከግድግዳው ብቅ ብለዋል፤ እንደ ብርጭቆ የሚያንጸባርቁ የፋይንስ ፈርጦች በልስኑ ውስጥ ተሰክተዋል። አንበሳው በሮም ምንጮችም ውሃ ይተፋል፤ በሜሮዌ ግን አንበሳ የአምላካቸው የአፔዴማክ ፊት ነው። ውሃ የሚያወርደውን አፍ ሲቀርጽ የነበረው ሰው ጌጥ ብቻ እየሠራ እንዳልነበር ይታየኛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሐውልቶቹ ገላ ነው። ጋደም ያለ ሰው አለ፤ ከብዙ ሸምበቆ የተያያዘ ዋሽንት የሚነፋ አለ፤ እንደ በገና ያለ መሣሪያ የያዘም አለ። ግሪክ ወይም ሮም ቢሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እብነ በረድ ይፈለግ ነበር። የሜሮዌ ቀራጭ እጁ ላይ የነበረው የአካባቢው አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ቅንጣቱ ሻካራ፣ ጠርዙ በቀላሉ የሚፈረፈር ድንጋይ። ከንፈርን ወይም የዓይን ቆብን በእሱ ላይ አጥርቶ ማውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ድንጋዩ የአካሉን ግዝፈትና አቋም ይይዛል፤ የቆዳውን ልስላሴ የሚሰጠው ከላይ የሚለበጠው ልስን ነው፤ በልስኑ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ይገባል። ልስኑ ተነስቶ ድንጋዩ በተገለጠበት ቦታ ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ ማየት ይቻላል፤ ከሥር ያለው የመሮ ሥራ ነው፣ ከላይ ያለው የእጅ።

እነዚህን ሐውልቶች ከአቴና ሥራ ጋር አስተያይቶ “ወፍራም ናቸው፣ ልክ አልጠበቁም” የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ድንጋዩ የማይችለውን አልጠየቁትም፤ ልስኑ የሚችለውን ግን ሁሉ አስሠርተውታል። ዛሬ ሙኒክ የምትገኘውን፣ “የሜሮዌ ቬነስ” የሚሏትን ከዚሁ ገንዳ የወጣች ሐውልት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ልስን ግን የሚጠበቅ ነገር ነው። ጋርስታንግ ቁፋሮውን እንደጨረሰ በገንዳው ላይ መጠለያ ያሠራው ለዚሁ ነበር። በ2020 ክረምት ዓባይ ከልኩ አልፎ ሲሞላ ሠራተኞች ውሃው ወደ ጥንታዊቷ ከተማ እንዳይገባ በአሸዋ ከረጢት ግድብ ሠርተዋል። በሚያዝያ 2023 የጀመረው ጦርነት ግን በአሸዋ ከረጢት የሚመለስ አልነበረም። ካርቱም ውስጥ በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል፤ በመጋቢት 2025 የሱዳን ሠራዊት አካባቢውን መልሶ ሲይዝ የዕቃ ማስቀመጫዎቹ ተበርብረው ተገኙ። ከአገሪቱ በየዘመኑ የተሰበሰበው ቅርስ የሚቀመጥበት ቤት ነበር። ልቤ ያዝናል። የጋርስታንግ ፎቶግራፎች ግን ሊቨርፑል ውስጥ አሉ፤ የጀርመኖቹም ልኬትና ንድፍ አለ። ከሜሮዌ የወጣ አንድ የአንበሳ ራስ ወይም ቀለም የያዘ የልስን ቁራጭ ነገ በአንድ ነጋዴ እጅ ቢገኝ፣ ከየትኛው ግድግዳ እንደተነሳ ለማስረዳት የሚረዱት እነዚህ መዛግብት ናቸው።