አርሴኒክ በፕሮማይሎሳይቲክ የደም ካንሰር ሕክምና፦ የአንድ ጥናት ሂሳዊ ግምገማ

ፍራንቼስኮ ሎ ኮኮና ባልደረቦቻቸው በጣሊያንና በጀርመን ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ጥናት የአጣዳፊ ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኬሚያን የሕክምና አቅጣጫ ለውጧል። በሽታው በ15ኛውና በ17ኛው ክሮሞዞሞች መካከል በሚደረግ የቁራሽ መለዋወጥ ይመነጫል፤ ከዚህም የሚፈጠረው እንግዳ ፕሮቲን የደም ሕዋሳት እንዳይበስሉ ያግዳል። አትራ የተሰኘው የቫይታሚን ኤ ዘር መድኃኒት ፕሮቲኑን በአንድ ወገን፣ አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ በሌላው ወገን በመያዝ እንዲፈርስ ያደርጉታል።

አርሴኒክ በቻይና ሃርቢን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሞከረ ሲሆን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የተፈቀደው በሽታው ላገረሸባቸው ወይም ሌላው ሕክምና ላልሠራላቸው ሕሙማን ነበር። የሎ ኮኮ ጥናት ግን ከዚያ አልፎ፣ አትራና አርሴኒክ ያለ ኬሞቴራፒ ገና ከመነሻው ይበቃሉን? ሲል ይጠይቃል። ጥናቱ የተነደፈው አዲሱ ሕክምና ከነባሩ እንደማያንስ ለማሳየት ቢሆንም፣ ውጤቱ ብልጫውን አሳይቷል። በአርሴኒክ ከታከሙት 77 ሕሙማን ሁሉም ከበሽታው ምልክት ነጻ ሲሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት በአርሴኒክ 99 ከመቶ፣ በኬሞቴራፒ 91 ከመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የመጨረሻ ዘገባም ብልጫው እንደጸና አረጋግጧል።

ይሁንና «ያለ ኬሞቴራፒ» ማለት «ያለ ጉዳት» ማለት አይደለም። ከባድ የጉበት ጉዳት በአርሴኒክ ቡድን 63 ከመቶ፣ በንጽጽሩ ቡድን 6 ከመቶ ታይቷል። ጉዳቱ መድኃኒቱን ለጊዜው በማቋረጥ የሚመለስ ቢሆንም፣ የጉበትና የልብ ምት ክትትል ሳይኖር መድኃኒቱን መስጠት አደገኛ መሆኑን ያመለክታል።

ዋናው ሂስ ግን ጥናቱ ባላካተታቸው ሕሙማን ላይ ያርፋል። በምርመራው ጊዜ የነጭ ደም ሕዋሳቸው በማይክሮሊትር ከ10,000 በላይ የሆነ፣ ማለትም ለሞት እጅግ የተጋለጡ ሕሙማን አልተመዘገቡም። በተጨማሪም በሽታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደም መፍሰስ ይገድላል፤ ለጥናት ከመመዝገቡ በፊት የሞተ ታማሚ ደግሞ በማንኛውም ሠንጠረዥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተሙ የሕዝብ መዝገብ ጥናቶች በመጀመሪያው ወር የሚሞቱትን በአሜሪካ 17 ከመቶ፣ በስዊድን 29 ከመቶ አድርሰዋቸዋል። ከስዊድን ሟቾች መካከል አትራን ፈጽሞ ያላገኙ ነበሩ። በጥናቱ ውጤትና በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በአዲስ መድኃኒት ብቻ የሚሞላ አይደለም።

በመሆኑም የጥናቱ ድምዳሜ በተወሰነለት ክልል ውስጥ ጽኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አርሴኒክ ትራይኦክሳይድን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ማካተቱም የተገባ ነው። ነገር ግን ጥናቱን የሚያነብ ሐኪም ከ99 ከመቶው ይልቅ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ቢያስብ ይበጃል፦ የደም ናሙናን በማይክሮስኮፕ በጥንቃቄ መመልከት፣ በሽታው ሲጠረጠር የክሮሞዞም ምርመራውን ውጤት ሳይጠብቁ አትራን መጀመር፣ የጎደለውን ፕሌትሌትና የደም መርጊያ መተካት። አርሴኒክ ሊያድን የሚችለው እስከዚያ በሕይወት የቆየውን ነው።