እንግዳው ማን ነው? ጌታቸው መኩሪያና የቦስተኑ ኦርኬስትራ

ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጃቸውና በፓሪስ ቡዳ ሙዚክ ካሳተማቸው የ«ኢትዮፒክስ» አልበሞች መካከል በ2005 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው 20ኛው ቅጽ ከቀደሙት ይለያል። የቀደሙት በአመዛኙ የድሮ ሸክላዎች ዳግም እትሞች ናቸው። ይህ ግን ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን የጃዝ ባንድ በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ በሕዝብ ፊት ያቀረበው ዝግጅት ነው። ሙላቱ አስታጥቄና ባህታ ገብረ ሕይወትን ከመሳሰሉት ተጋባዦች ጋር አንጋፋው የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ በእንግድነት ተሰልፎበታል። ለመሆኑ በገዛ ከተማውና በገዛ ዜማው እንግዳው ጌታቸው ነው ወይስ ባንዱ?

ረስ ገርሾን በ1985 ያቋቋመው ይህ ባንድ ለዜማችን ባዕድ አልነበረም። በ2000 ባወጣው አልበሙ የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» ጨምሮ የኢትዮጵያ ሥራዎችን አቀናብሮ ተጫውቷል። ሽለላ ግን ሌላ ፈተና ነው። ሸላይ ትንፋሹን እንደ ስሜቱ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል፤ ምት የሚቆጥርለት የለም። ጌታቸው በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ሳለ ይህንኑ የድምፅ ጥበብ ከነመንቀጥቀጡና ከነመሻከሩ ወደ ሳክስፎን አዛወረው። ትልቅ ባንድ በአንጻሩ በተጻፈ ኖታና በተቆጠረ ምት የሚኖር ነው። አቀናባሪው ሸላዩን በምት ካጠረው ፉከራው ሰልፈኛ ማርሽ ይሆናል፤ ፈጽሞ ከለቀቀው ደግሞ ባንዱ ሥራ ፈት ተመልካች ሆኖ ይቀራል። በእኔ ግምት የአልበሙ ትልቁ ቁም ነገር ቦስተኖቹ በዚህ መካከል መንገድ መፈለጋቸው ነው። ጀግናው ሲፎክር አጃቢው ከኋላው እንደሚቆም፣ እነርሱም ከኋላው ቆሙለት።

ይሁን እንጂ ከሁለት ዲስኮች ውስጥ ለጌታቸው የደረሰው ቦታ ጠባብ ነው። የሆላንዱ ዘ ኤክስ በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ሙሉ አልበም አድርጎ ሲያወጣለት ጉድለቱ ይበልጥ ታየ።

ከዚህ የሚከብደው የስያሜው ጉዳይ ነው። የምዕራብ ሐያስያን ጌታቸውን ከአልበርት አይለርና ከኦርኔት ኮልማን ጋር ማመሳሰል ይወዳሉ። በሙገሳ መልክ የቀረበ ቢሆንም የዘር ሐረጉን ይገለብጣል። አይለር የመጀመሪያ ሥራውን ያስቀረጸው በ1962 ሲሆን፣ ጌታቸው ያን ጊዜ ሽለላውን በሳክስፎን ሲያሰማ ዓመታት አልፈውት ነበር። የእርሱ መምህር ፎካሪው ነው።

ስለዚህ «ፍሪ ጃዝ» የሚለውን ቃል ለዚህ ሙዚቃ ስንዋስ የምንከፍለው ዋጋ አለ። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያፈሯቸው የትንፋሽ መሣሪያ ጓዶች በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽት መድረካቸውን አጥተዋል። በ2004 ከጌታቸው ኋላ የቆመው ጓድ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ለቦስተኖቹ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አያስከትልም። ጌታቸው በ2016 አርፏል። መሣሪያውን ሌሎች አጀቡለት፤ ጥበቡን በገዛ ስሙ፣ ሽለላ ብሎ የመጥራቱና የመተንተኑ ዕዳ ግን በቋንቋው በምንጽፈው በእኛ ላይ ነው።