ሐተታው በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ

ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ የዋግንና የሰሜንን ቆላ እየሰነጠቀ በአበርገሌ ወሰን የሚያልፈው ተከዜ በኢትዮጵያ የጽሑፍ ቅርስ ውስጥ ስሙ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ከነዚህ ሁሉ ግን ለሐያሲ ጥያቄ የሚያጭር አንድ አጭር ምንባብ አለ። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» በተባለው የግዕዝ ድርሰት ውስጥ ባለታሪኩ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ከአክሱም ይሸሽና ወደ ተከዜ አቅራቢያ ይደርሳል። በማግስቱ ረኃብ ሲጸናበት እየፈራ ወጥቶ ከገበሬዎች እንጀራ ይለምናል፤ የሰጡትን በልቶ መንገዱን ይቀጥላል። ድርሰቱ ቀበሌውን በስም አይጠራም። የአበርገሌ ገበሬዎች ይሁኑ የሌላ ወንዝ ዳር ሰዎች የሚለይበት ቃል የለም። ስደተኛው ወደ ሸዋ ሲያቀና ሰው በሌለበት ጥልቅ ሸለቆ ግርጌ መልካም ዋሻ አገኘ፤ በዚያም ሁለት ዓመት ተቀምጦ ጸለየ፣ ጠየቀ፣ መረመረ።

ይህ ምንባብ እዚህ የተነሣው ለወንዙ ሲባል ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሪ ቃሉን የወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ከጻፈው ከመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ነው፤ ቃሉ ሁሉን መርምሮ መልካሙን አጥብቆ መያዝን ያዝዛል። በአንድ የዘመናዊ ትምህርት ተቋም በር ላይ ምርመራን የሚያዝዘው ቃል ራሱ ከቅዱስ መጽሐፍ የተቀዳ መሆኑ እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም። ክርስቲያን የሆነ ተማሪ ወይም መምህር በዚህ በር ሲገባ ምን ይዞ ይገባል? ምንስ ደጅ ላይ ትቶ? ለዚህ ጥያቄ ከኢትዮጵያ ጽሑፍ መካከል እንደ ሐተታው ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ድርሰት ማግኘት ያስቸግራል። ሐተታውን በሰፊው ወደ ዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ያስገባው ደግሞ የፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለቱን፣ ድርሰቱንና ተመራማሪውን፣ በአንድነት መመዘን ተገቢ ይሆናል።

በቅድሚያ ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ በ1626 በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። እምነት በዐዋጅ ሲመጣ መልሱ በጦር መጣ። ከተነሡት ዐመፆች አንዱና እጅግ የጸናው የላስታ ነበር፤ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት የተነሣው የደጋው ሕዝብ ከንጉሡ ጦር ጋር ለዓመታት ተዋጋ። እ.ኤ.አ. በ1632 በወይና ደጋ ንጉሡ ድል ቢያደርጉም፣ የገዛ አገራቸውን ሰው ሬሳ ያዩበት ድል መራራ ሆነባቸው፤ በዚያው ዓመት ለሕዝቡ የቀድሞ ሃይማኖቱን ፈቅደው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይህ ለሰቆጣና ለአበርገሌ አንባቢ የጎረቤት ታሪክ ነው።

እንደ ሐተታው ትረካ ዘርዐ ያዕቆብ በዋሻው የተቀመጠው በዚሁ ዘመን ነበር። በተራራው ላይ ሕዝብ ለአባቶቹ እምነት ይሞታል፤ በሸለቆው ውስጥ አንድ ሰው እምነት በምን እንደሚታወቅ ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱን ጀግና ሌላውን ፈሪ ለማድረግ የሚቸኩል ሐያሲ ይሳሳታል። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው የወጣው ሱስንዮስ አልፈው ፋሲለደስ ሲነግሡ ነውና፣ የላስታ ገበሬ ጋሻና ጦሩን ባያነሣ ኖሮ ፈላስፋው መውጫውን በቀላሉ ባላገኘም ነበር። ሐተታው ራሱ ይህን ዕዳ አይጠቅስም። ስለ ተከዜ ገበሬዎች እንጀራም ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ አልተጻፈም። ድርሰቱ ስለ ሰው ልጆች እኩልነት አጥብቆ የሚናገር ሆኖ ሳለ፣ ያበሉትንና የተዋጉለትን ሰዎች እንዲህ በችኮላ ማለፉ ጉድለት ነው።

በድርሰቱ ውስጥ እጅግ የበሰለው ክፍል ግን ከዋሻው የሚቀድመው የአክሱሙ ጉባኤ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ዜማ ጀምሮ ነበር፤ ድምፁ ሻካራ ሆኖ ጓደኞቹ ስለሳቁበት ተወው። (ይህ ብርቱ ድርሰት ከሚፈቅዳቸው ጥቂት ፈገግታዎች አንዱ ይኸው ነው።) ከዚያም ሰዋስውና ቅኔ አራት ዓመት፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ዐሥር ዓመት ተማረ፤ ወደ አክሱም ተመልሶም አራት ዓመት አስተማረ። ሲያስተምር የፈረንጆቹን ትርጓሜና የግብጻውያኑን ትርጓሜ ጎን ለጎን ያቀርባል፤ ይህኛው መልካም፣ ያኛው ክፉ ብሎ ግን አይፈርድም። ውጤቱም በሁለቱም ወገን መጠላት ሆነ። ወልደ ዮሐንስ የተባለ ካህን በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው፤ ስደቱም ተከተለ።

ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለወጣ ሰው ይህ አቀራረብ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ይፈታዋል፤ ተማሪው የሚቃረኑ የሚመስሉ ፍቺዎችን አብሮ ተሸክሞ መኖርን ከልጅነቱ ይለምዳል። ጥያቄ የእምነት ጠላት ነው የሚለው አባባል ይህን የትርጓሜ ወንበር ካለማወቅ የመነጨ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የአንድምታው አማራጮች ሁሉ ያረፉት በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ያንኑ ልማድ ከቤቱ አውጥቶ ጦር በተማዘዙ ሁለት ቤቶች መካከል አቆመው። በዚያ ቦታ ደግሞ «አንድም» የሚል መምህር ሰላይ ይመስላል።

ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም መሪነቱ የተሰጠው ለካናዳዊው ለዶክተር ሉስየን ማት ነበር። ማትና አብረዋቸው የመጡት መምህራን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ነበሩ፤ ይኸውም ሜንዴዝን የላከው ማኅበር ነው። ታሪኩን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ የሚያስገርም ምርጫ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን ካህናቱን የጋበዙት የካህን ልብሳቸውን ሳይለብሱ፣ እምነታቸውንም ሳይሰብኩ ዘመናዊ ትምህርት እንዲያስተምሩ ነበር። ከነዚህ መምህራን አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953 የመጡት ክላውድ ሰምነር ናቸው። በፍልስፍና መምህርነት በንጉሡ ዘመንም፣ ከ1974 አብዮት በኋላ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በሌላ ርእዮተ ዓለም ሲቃኝም ሥራቸውን አላቋረጡም።

«የኢትዮጵያ ፍልስፍና» የተባሉት የእንግሊዝኛ ቅጾቻቸው አምስት ናቸው፤ የታተሙትም እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 ባለው ጊዜ ነው። ሦስቱ መጽሐፈ ፈላስፋን፣ ስክንድስንና ፊሳልጎስን የመሳሰሉ ከውጭ ቋንቋ ወደ ግዕዝ የተመለሱ ሥራዎችን ይመለከታሉ። ክርክሩ ያለው በ1976 እና በ1978 በወጡት በሁለቱ፣ ስለ ዘርዐ ያዕቆብና ስለ ደቀ መዝሙሩ ስለ ወልደ ሕይወት ሐተታዎች በተጻፉት ነው።

የክርክሩ ፍሬ ነገር የታወቀ ነው። የሐተታዎቹን ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ ለነበረው ለአንቷን ዳባዲ የላከው በቤጌምድር ይኖር የነበረው ኢጣልያዊ የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር። ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ድርሰቱን እንደ እውነተኛ የኢትዮጵያ ሥራ አሳተመው። በ1920 ግን ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ መነኩሴው ነው ብሎ ተነሣ፤ የመነኩሴው የዓለም ስም ጃኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ፣ መሆኑም ለጥርጣሬው ማገዶ ሆነ። ከሰምነር በፊት ዓለማየሁ ሞገስ ለኢትዮጵያዊው ደራሲ ተከራክረዋል። ሰምነርም የሁለቱን ሐተታዎች የአጻጻፍ ስልትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አጠቃቀም አነጻጽረው፣ የመነኩሴውንም የግዕዝ ችሎታ መዝነው፣ ሁለቱ ድርሰቶች ከሁለት የተለያዩ ኢትዮጵያውያን እጅ የወጡ ናቸው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ።

እዚህ ላይ የሰውየው አቋም ልብ ሊባል ይገባዋል። የኮንቲ ሮሲኒ አስተያየት ቢጸና ኖሮ ሙገሳው የሰምነር ቤተ ክርስቲያን አባል ለሆነ መነኩሴ ይሆን ነበር። ሐተታው በአንጻሩ ፈረንጆቹን፣ ማለትም የሰምነርን የገዛ ማኅበር፣ በምሬት ይወቅሳል። ይህን የመሰለ መጽሐፍ አንድ የማኅበሩ ካህን አንሥቶ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ክሱም የኢትዮጵያዊ ክስ ነው ማለቱ ከራስ ጥቅም በላይ ማስረጃን ማስቀደም ይመስላል። ሆኖም የነገሩን ሌላ ገጽ መደበቅ አይገባም። ተአምራትንና ሥርዓተ ጾምን የሚጠራጠር ድርሰት ከአንድ ሚስዮናዊ ትከሻ ላይ ሲነሣ፣ ሚስዮናዊው ከክህደት ሐሜት ነጻ ይወጣል። እንግዲህ ሰምነር የገዛ ወገናቸውን ክብር ነፈጉ ወይስ ስሙን አነጹ? ሁለቱንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተመራማሪን ሃይማኖት ጠቅሶ መደምደሚያውን ማጽደቅም ሆነ መጣል አያዋጣም። ዋናው ነገር ማስረጃው ሌላው ሰው ሊፈትነው በሚችል መልክ መቅረቡ ነው፤ ሰምነር ደግሞ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አናይስ ቪዮን የመነኩሴውን ደራሲነት በአዲስ ማስረጃ መልሳ ስትከራከር የሞገተችው በገሃድ የተዘረጋ ሥራን ነበር። ቀድሞ በድርሰቱ ኢትዮጵያዊነት ይጠራጠሩ የነበሩት፣ የኦርቶዶክስ እምነታቸው የታወቀው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ሐሳባቸውን አሻሽለው፣ የመነኩሴው እጅ የገባበት ቢሆንም በመሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደሚል አዘነበሉ። በሸመገለ ዕድሜ አቋምን በጽሑፍ መለወጥ የብዙ ምሁር ልማድ አይደለም።

የሰምነር ሥራ የሚነቀፍበት ሌላ ቦታ አለ። ዘርዐ ያዕቆብን ከዴካርት ጋር አቁመው፣ ዘመናዊ ፍልስፍና በኢትዮጵያም በዚያው ዘመን ተጀመረ ይላሉ። ንጽጽሩ ኢትዮጵያን አኩርቷል፤ ነገር ግን አንባቢውን ወደ ተሳሳተ በር መርቷል። አንባቢው ጸሎትን የጣለ አሳቢ ፈልጎ ይገባና በእያንዳንዱ ገጽ ዳዊት የሚደግም ሰው ያገኛል። የሐተታው ወሳኝ ምንባብ እንዲህ ነው፦ ሰውየው በዋሻው እየጸለየ ሳለ ጸሎቱን የሚሰማ ይኖር እንደሆነ ይጠራጠራል፤ ብርቱ ኀዘንም ይወድቅበታል። ከዚያ ጥርጣሬ የሚያወጣው ደግሞ ጆሮን የተከለ አይሰማ እንደሆነ የሚጠይቀው የዚያው የዳዊት ቃል ነው፤ መዝሙር 93። ከዚህ ቃል ተነሥቶ ጆሮውን የሰጠ፣ ልቡናውንም የሰጠ ፈጣሪ ሊኖር ይገባል ወደሚል ክርክር ይገባል። ጥርጣሬው ከጸሎት ተወለደ፤ መልሱም ከመዝሙር ጀምሮ በልቡና ተመረመረ። ሰምነር የሰውየውን አማኝነት አይክዱም፤ ይሁንና «አመክንዮአዊ» የሚለው ስያሜ ገዝፎ መዝሙሩ እንደ ጌጥ እንዲታይ አድርጓል። ዘርዐ ያዕቆብን የሃይማኖት ጠላት አድርገው ሊያሰልፉት የሚሹ፣ መናፍቅ ነው ብለው ሊያቃጥሉት የሚፈልጉም፣ ይህን ምንባብ በእኩል ዘለውታል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን ገና አለ። ዘርዐ ያዕቆብ እንፍራዝ ወርዶ በሀብቱ ቤት መጻሕፍት እየገለበጠ፣ ልጆች እያስተማረ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ ኂሩትን አግብቶ ሲኖር፣ በሰው ፊት እንደማንኛውም ክርስቲያን ሆኖ ይታይ ነበር። የልቡን አልገለጠም፤ ይህንንም ራሱ ያምናል። ሐተታውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1667፣ በእርጅናው፣ ወልደ ሕይወት ስለ ጠየቀው ነው። በአክሱም በገሃድ «አንድም» ያለው መምህር በእንፍራዝ ዝም አለ። ይህን ግብዝነት ማለት ይቀላል፤ ስደቱን ያላየ ሰው ፍርድ ይሆናል እንጂ። ጥፋቱ በይበልጥ የሚያርፈው ጠያቂውን ወደ ዋሻ በሰደደው ጉባኤ ላይ ነው። ሆኖም ዝምታው ዋጋ አስከፍሏል፦ ሐተታው ተቃዋሚ አላገኘም። ስለ ጾም ወይም ስለ ምንኩስና የጻፈውን የሚሞግት አንድ የትርጓሜ መምህር በዘመኑ ቢኖር ኖሮ፣ በችኮላ ያለፋቸው አንዳንድ ፍርዶች ይስሉ ነበር። ምንኩስናን ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ሲነቅፍ፣ የገዳም ኑሮ ለድኻው፣ ለመጽሐፉና ለትምህርቱ ያደረገውን አይመዝንም፤ ራሱ ሁለት ዓመት እንደ መናኝ በዋሻ መኖሩን ግን በፍቅር ይተርካል።

የሐተታው መንገድ ወደ አንባቢው ገና አጭር አልሆነም። ዘመንፈስ ቅዱስ አብርሃ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አውጥተዋል። የሰምነር ቅጾች በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፉ ለዋግ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሩቅ ናቸው፤ ለሰቆጣ የመጽሐፍ መምህር ደግሞ ይብሱን ሩቅ። የዳዊት ተማሪ የዋሻውን ምንባብ በግዕዝ ቢሰማ ቃሉ ከየትኛው መዝሙር እንደ ተወሰደ ሳይገልጥ ይናገራል። የፍልስፍና ተማሪው ከዚያ ቃል የተነሣው ክርክር የት እንደሚሰነጠቅ ያሳያል። እስካሁን ሁለቱ ምንባቡን ያነበቡት ለየብቻ ነው።